ለውሃ መንገዱን እንተውለት

በሞያሌ ወሰን በኦቦ ዝናም ናፍቀን እንኖራለን፤ ሲመጣም እንፈራዋለን። ከብዙ ዘመን ድርቅ በኋላ በ2016 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር የጣለው ብርቱ ዝናም ይህን ምድር በጎርፍ መታው። የደረቀ መሬት ውሃን ቶሎ አይመጥምምና፣ ባዶ የነበረው ፈፋ በአንድ ሌሊት ወንዝ ይሆናል። በድሬዳዋም በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን የፈጀው እንዲሁ ነው።

ከምድሩ ሩብ የሚሆነው ከባሕር ወለል በታች የሚገኘው የሆላንድ አገር፣ በጥር 1945 ዓ.ም. 1,836 ሰዎች በማዕበል አለቁበት። ስለዚህ ታላላቅ ግድቦችን ሠራ። በኋላም ግድብ ብቻውን እንደማይበቃ ተረድቶ፣ አንዳንድ ቤቶችን ከወንዝ ዳር አንሥቶ ለውሃው ስፍራ ለቀቀለት።

የሆላንድ ሀብት የለንም፤ ትምህርቱ ግን አይከለከለንም። ጎርፉን በኩሬ ብናቈየው ለድርቅ ቀን ይሆነናል። ለድኻ በፈፋ ውስጥ የቤት ቦታ የሚመራ ሹምም፣ በደረቅ ወራት የሰጠውን በዝናም ወራት ጎርፍ ከነልጆቹ እንደሚወስድበት ያስብ።