ያውቁ ኖሯል? ማክሰኝትን አልፎ ያለው የዓለም ቅርስ

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 «ፋሲል ግቢ» ብሎ የመዘገበው ቅርስ በጎንደር ከተማ ብቻ አይወሰንም። ከጎንደር ተነስተው ማክሰኝትን አልፈው ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ እንፍራዝ አጠገብ የሚያገኙት የጉዛራ ቤተ መንግሥትም የዚያው መዝገብ አካል ነው። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ጎንደር ሳትቆረቆር እንዳሠሩት ይነገራል። በዚሁ አካባቢ ደንቀዝ ላይ የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ።

አብዛኛው ጎብኚ ግን እነዚህን ሳያይ ያልፍና ጎንደር ላይ ይከማቻል፤ በተለይ በጥምቀት። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በአፄ ፋሲል መዋኛ ለተመልካች የቆመ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። ቦታው ስንት ሰው መያዝ እንደሚችል አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ይህ ከጎብኚ ቁጥር ማደግ በፊት መምጣት ያለበት ሥራ ነው። ጎብኚውን ከጎንደር ውጭ ወዳሉት ቅርሶች ማሰራጨትም ይጠቅማል፤ ቆይታውን አንድ ቀን ጨምሮ ጉዛራንና ደንቀዝን የሚያይ ጎብኚ ማክሰኝት ላይ ምሳ ይበላል፣ መኪና ይከራያል፣ የአካባቢውን ልጅ በአስጎብኚነት ይዞ ይሄዳል።

ጎብኚን መቀበል ጥገናንም ይጠይቃል፤ ጥገናው ደግሞ ዓይነት አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ፋሲል ግቢ በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበር። ሲሚንቶ እርጥበትን አፍኖ ስለሚይዝ የቆየውን ድንጋይ ይጎዳል። በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ ሲሚንቶው እየተነሳ፣ ጥንት ግንበኞቹ በተጠቀሙበት ኖራ ተተካ።