ሰደድ እሳትን ከጠፈር መከታተል

ሰደድ እሳትን፣ እንዲሁም ለእርሻ ወይም ለግጦሽ ሆን ተብሎ የሚለኮስ የሣርና የቁጥቋጦ ቃጠሎን የሚከታተሉ ሳተላይቶች በዋናነት የሚያዩት ነበልባሉን ሳይሆን ሙቀቱን ነው። ማንኛውም አካል ጨረር ያመነጫል፤ አካሉ እየጋለ በሄደ መጠንም ዋነኛው ጨረሩ የሞገድ ርዝመቱ እያጠረ ይሄዳል። 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሞቀ መሬት ጨረሩ የሚበረታው 10 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) አካባቢ ሲሆን፣ በብዙ መቶ ዲግሪ የሚነድ ሣር ግን 4 ማይክሮሜትር ገደማ ላይ ነው። ሁለቱም ለሰው ዓይን የማይታዩ፣ ኢንፍራሬድ የሚባሉ ጨረሮች ናቸው። ሳተላይቱ አንዱን ቦታ በሁለቱም ሞገዶች ለክቶ ሲያነጻጽር፣ የአጭሩ ሞገድ ልኬት ከረጅሙ ጎልቶ፣ ከዙሪያው መሬትም ልቆ ከተገኘ ቦታው እሳት እንዳለበት ተደርጎ ይመዘገባል።

በዚህ ሥራ ረጅም አገልግሎት የሰጠው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ቴራ፣ በ2002 ደግሞ አኳ በተባሉት የናሳ ሳተላይቶች ተጭኖ 705 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወደሚገኝ ምህዋር ገብቷል። ሞዲስ እሳትን የሚፈልገው መሬትን በጎንና በጎን አንድ ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ ነው፤ ሆኖም የ4 ማይክሮሜትሩ ጨረር በእሳት ጊዜ እጅግ ስለሚያይል፣ ከአንድ ሚሊዮን ካሬ ሜትር ውስጥ የሚነደው አንድ ሺሕ ካሬ ሜትር ብቻ ቢሆንም መሣሪያው ይለየዋል። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጣው ቪርስ የተባለው መሣሪያ የካሬውን ጎን ወደ 375 ሜትር አውርዶታል።

ስለዚህ በካርታ ላይ የሚወጣው ቀይ ነጥብ የካሬውን መካከል እንጂ የእሳቱን ትክክለኛ ቦታም ሆነ ስፋት አያመለክትም። በታኅሣሥና በጥር ከሴኔጋል እስከ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የሣር ምድር በነጥብ ተሸፍኖ ሲታይ አህጉሩ በሙሉ የነደደ ይመስላል፤ የሚቃጠለው ግን በአብዛኛው በየዓመቱ ተቃጥሎ በክረምት መልሶ የሚበቅል ሣር ነው። ነጥቡ ሁሉ ሰደድ እሳትም አይደለም፤ በአፋር የሚገኘው የኤርታሌ የቀለጠ ዐለትና በነዳጅ ጉድጓዶች ላይ የሚነድ ጋዝም ለሳተላይቱ ያው የጋለ ቦታ ናቸው።

ሌላው ችግር ጊዜ ነው። እነዚህ ሳተላይቶች በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፉት በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ በመካከሉ ተለኩሶ የጠፋ እሳት ያመልጣቸዋል፤ ደመናም ይጋርዳቸዋል። በአንጻሩ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ አፍሪካን ሳያቋርጥ የሚመለከተው ሜቴኦሳት የተባለው ሳተላይት በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ምስል ቢያነሳም፣ ከርቀቱ የተነሳ ትናንሽ እሳቶችን አይለይም። አንዱ አጥርቶ እያየ ያልፋል፤ ሌላው ሳይነቃነቅ በብዥታ ያያል።

የጨረሩ ኃይል በሜጋዋት ሲለካ የነደደውን እጽዋት ክብደት ለመገመት ያስችላል፤ በሙከራ እንደተረጋገጠው አንድ ሜጋጁል ጨረር የሚወጣው 0.37 ኪሎ ግራም ያህል እጽዋት ሲቃጠል ሲሆን፣ ከዚህም ወደ አየር የገባው ጭስና የካርቦን ጋዝ ይሰላል። የተቃጠለውን መሬት ስፋት ለማወቅ ግን ሙቀት አይበቃም፤ እሳቱ ካለፈ በኋላ የሚቀረው የጠቆረ ጠባሳ፣ ለምለም እጽዋት የሚያንጸባርቁትን ብርሃን ስለማያንጸባርቅ፣ በፊትና በኋላ በተነሱ ምስሎች ንጽጽር ይለያል።

የሳተላይት አኃዝ እንደ መጨረሻ ቃል ሊወሰድ የማይገባው እዚህ ላይ ነው። ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የተቃጠለው መሬት ጎናቸው 20 ሜትር በሆኑ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ካሬዎች እንደገና ሲለካ፣ ሞዲስ ከሰጠው በ80 በመቶ በልጦ 4.9 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ተገኝቷል፤ ይህም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ከአራት እጥፍ በላይ ነው።