ቀድሞ በተበሳ ስኪ ላይ ማሰሪያ እንደገና መግጠም

ማሰሪያ እንደገና መግጠም ማለት ከዚህ በፊት የጫማ ማሰሪያ ተገጥሞበት የነበረና አሮጌ የብሎን ቀዳዳዎች ያሉት ስኪ ላይ ሌላ ማሰሪያ መትከል፣ ወይም ያንኑ ማሰሪያ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው። ስኪ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ከጫማ ሥር የሚታሰር ረጅምና ጠባብ መሣሪያ ነው። ሥራው የሚያስፈልገው ያገለገለ ስኪ ሲገዛ፣ የጫማ ቁጥር ሲቀየር ወይም ማሰሪያው ሲያረጅ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከተራራ ቁልቁል የሚነዳበትን የአልፓይን ስኪ ብቻ ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት አገር አቋራጭ ስኪ ተረከዝን የማያስር ሌላ ዓይነት ማሰሪያ ስላለው እዚህ አይካተትም።

የማሰሪያው ሁለት ተግባር

የአልፓይን ማሰሪያ የፊት ክፍልና የተረከዝ ክፍል አለው። ሁለቱም በብሎን ከስኪው ጋር ይያያዛሉ። ተንሸራታቹ እስካልወደቀ ድረስ ጫማውን አጥብቀው ይይዛሉ፤ እግርን ሊሰብር የሚችል ኃይል ሲመጣ ግን የፊተኛው ወደ ጎን፣ የኋለኛው ወደ ላይ ተከፍቶ ጫማውን ይለቃል። ጥንት ማሰሪያ አይለቅም ነበር። በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ኦሪገን ይኖር የነበረው ያልማር ቫም በ1937 እ.ኤ.አ. እግሩን ከሰበረ በኋላ የሚለቅ የፊት ማሰሪያ ሠራ፤ የዛሬዎቹም የዚያ ሐሳብ ተከታዮች ናቸው።

ማሰሪያው በምን ያህል ኃይል እንደሚለቅ የሚወስነው በላዩ ላይ የሚነበበው የዲአይኤን ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚሰላው ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከዕድሜ፣ ከጫማው ሶል ርዝመትና ከአነዳድ ዓይነት ነው። ሆኖም ይህ ስሌት በሙሉ አንድ ነገር አምኖ ይነሳል፦ ስፕሪንጉ ከመከፈቱ በፊት ብሎኖቹ ከስኪው አይነቀሉም። ብሎኑ ቀድሞ ከተነቀለ ቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ ተንሸራታቹ በፍጥነት ላይ እያለ ስኪው ሳይታሰብ ከእግሩ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ በአሮጌ ቀዳዳ ዙሪያ የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ብሎኑ ምን ያህል የሚይዘው ነገር ቀርቶታል የሚለው ነው።

የስኪው ውስጥ

የብዙ ስኪዎች መሐል እንጨት ነው። ከላይና ከታች በፋይበርግላስ ይሸፈናል፤ አንዳንዶቹ ቲታናል የሚባል ስስ የአሉሚኒየም ቅይጥ ላሜራም አላቸው። የተለመደው ቀዳዳ ጥልቀት 9 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን ስፋቱ ላሜራ ለሌለው ስኪ 3.5፣ ላሜራ ላለው ደግሞ 4.1 ሚሊሜትር ነው። ትክክለኛው ልክ ብዙውን ጊዜ በስኪው ላይ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ሰውን የሚሸከመው በዚህች አጭር ጥልቀት ውስጥ እንጨቱንና የላይኛውን ሽፋን የነከሰው የብሎን ጥርስ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ጠልቆ መብሳት ወይም ረጅም ብሎን መጠቀም የስኪውን የታች ገጽ ያሳብጣል፣ አልፎም ይበሳዋል።

የቀዳዳዎች ርቀት

ባለሙያዎች በተለምዶ የሚከተሉት ደንብ በአዲሱና በአሮጌው ቀዳዳ መሐል፣ ከእምብርት እስከ እምብርት፣ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ያህል እንዲኖር ነው። ከዚያ ሲያንስ በመሐል የሚቀረው እንጨት ቀጭን ግድግዳ ይሆንና በጭነት ይሰነጠቃል።

ይህን ለማረጋገጥ የፓይታጎረስ ቀመር ይበቃል። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው 8 ሚሊሜትር ወደ ፊትና 5 ሚሊሜትር ወደ ጎን ቢርቅ፣ 64 ሲደመር 25 እኩል 89፤ የ89 ካሬ ሥር 9.4 ገደማ ነው፤ አይበቃም። ማሰሪያው አንድ ሚሊሜትር ብቻ ወደ ፊት ቢገፋ 81 ሲደመር 25 እኩል 106 ይሆናል፤ ርቀቱም 10.3 ገደማ ይደርሳል። ችግሩ የአንድ ክፍል ቀዳዳዎች ሁሉ አብረው መንቀሳቀሳቸው ነው፤ አንዱን ከአሮጌው ስናርቅ ሌላውን ወደ ሌላ አሮጌ ቀዳዳ ልናስጠጋ እንችላለን። በአንድ ስኪ ላይ 8 አሮጌና 8 አዲስ ቀዳዳዎች ቢኖሩ የሚነጻጸሩት ጥንዶች 64 ናቸው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጠም 128 ይሆናሉ። አብዛኞቹ በዓይን ብቻ ስለሚጣሉ ሥራው የሚመስለውን ያህል አያደክምም። ቀዳዳዎቹን በግራፍ ወረቀት ላይ ማስፈር መሰርሰሪያ ከማንሳት በፊት የሚደረግ እጅግ ርካሽ ጥንቃቄ ነው።

ከሁሉ የከፋው በከፊል መደራረብ ነው። የመሰርሰሪያው ጫፍ ወደ አሮጌው ባዶ ቦታ ይንሸራተትና ቀዳዳው እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፤ ብሎኑም በአንድ ወገን የሚነክሰው ያጣል። ሙሉ በሙሉ መግጠም ግን ጉዳት የለውም፤ የአዲሱ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ከአሮጌዎቹ ጋር ልክ ከሆኑና ጥርሳቸው ካልተበላ እነዚያኑ መጠቀም ይመረጣል። ያኔ ብሎኑ መጀመሪያ ወደ ኋላ እየዞረ በአሮጌው ጥርስ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊት የሚጠብቀው።

ማሰሪያው ጥቂት ሚሊሜትር መንቀሳቀሱ አነዳዱንም ይነካል። ስኪው ላይ የጫማው መሐል የሚያርፍበት መስመር አለ። ከዚያ በጥቂቱ መራቅ ለብዙዎች ባይታወቅም፣ ቀዳዳ ለመሸሽ ሲባል ብዙ ከመራቅ ሌላ ስኪ መፈለግ ይሻላል።

አሮጌውን መንቀልና መድፈን

በኮላ የተያዘ ብሎን በጉልበት ከተፈታ የእንጨቱን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ራሱ በመበየጃ ካውያ ሞቆ ኮላው እንዲለሰልስ ይደረጋል። ካቻቪቴውም ተራው መስቀል ሳይሆን ፖዚድራይቭ ቁጥር 3 መሆን አለበት፤ ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ ግን ተራው የብሎኑን ራስ ይበላዋል።

ክፍት የቀረ ቀዳዳ ውኃ ወደ እንጨቱ ያስገባል፤ ውኃው እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ሲቀዘቅዝም ይሰነጥቀዋል። በመሆኑም ቀዳዳው ከደረቀ በኋላ ኮላ በተቀባ የፕላስቲክ ቡሽ ተደፍኖ ትርፉ በመሮ ይስተካከላል። ቡሽ ውኃ ይከለክላል እንጂ እንጨቱን ወደ ቀድሞ ጥንካሬው አይመልስም፤ የርቀቱ ደንብም ለተደፈነ ቀዳዳ ይሠራል። ጥርሱ የተበላ ነገር ግን እንደገና የሚያስፈልግ ቀዳዳ በኢፖክሲና በጥቂት የብረት ሱፍ ይሞላል። ሌላው መንገድ ውስጡ ጥርስ ያለው የማይዝግ ብረት ቁራጭ በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ በኢፖክሲ መትከል ነው። ከዚያ በኋላ ማሰሪያው እንጨቱን ሳይጎዳ ደጋግሞ ሊፈታ ይችላል፤ ሆኖም ሰፊ ስለሆነ ተጨማሪ ቦታ ይጠይቃል።

አገጣጠም

የሶሉ ርዝመት በሚሊሜትር በጫማው ተረከዝ አካባቢ ተጽፎ ይገኛል፤ የኋለኛው ክፍል ቦታ የሚወሰነው በእርሱ ነው። ሱቆች ቀዳዳውን የሚመራ የብረት ቅርጽ ይጠቀማሉ፤ በቤት የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ በወረቀት ቅርጽ። ወረቀቱ በትክክል 100 በመቶ መታተሙ በማስመሪያ ካልተረጋገጠ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ከተበሳ በኋላ በቀዳዳው ዙሪያ የሚነሳው ጠርዝ ይላጋል፤ ላሜራ ያለው ስኪ ከሆነ ቀዳዳው አስቀድሞ ጥርስ ይወጣለታል፤ ብሎኑ በኮላ ተነክሮ በእጅ ይጠብቃል።

የቀዳዳው ሥራ ሲያልቅ ጫማው ማሰሪያውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ጫና ይስተካከላል፣ የዲአይኤን ቁጥሩ ይሞላል። አይኤስኦ 11088 የተባለው ደረጃ የስኪ፣ የማሰሪያና የጫማን አገጣጠምና ፍተሻ ይመለከታል፤ በዚህ መሠረት ሱቆች የመልቀቂያ ኃይሉን በመሣሪያ ይለካሉ። በአሜሪካ አምራቾች ኃላፊነት የሚወስዱላቸውን ማሰሪያዎች ዝርዝር ያወጣሉ፤ ከዝርዝሩ የወጣን አሮጌ ማሰሪያ፣ ደህና ቢመስልም፣ ብዙ ሱቆች አይነኩም። ስኪውን በተመለከተ ብዙ ባለሙያዎች ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ መብሳትን አይመክሩም፤ የተሰነጠቀ፣ እንጨቱ የራሰ ወይም ሽፋኑ የተላቀቀ ስኪ ግን ለአንድ ጊዜም አይበሳም።