ጫማዋን ሳይሆን እግሯን ጥላ የሄደችው ሲንደሬላ

የሲንደሬላን ታሪክ የማያውቅ ማን አለ? እንጀራ እናቷ አመድ ለአመድ የምታንከባልላት ምስኪን ልጅ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲደወል የመስተዋት ጫማዋን ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ ጥላ ትፈተለካለች። ልዑል ሆዬም ጫማዋን ታቅፎ ቤት ለቤት ይዞራል። ሲለካ ልክክ! ሠርግ ተደገሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። በቃ፣ አለቀ።

እስቲ አሁን ደግሞ ይቺኛዋን ስሙ። ልጅቷ ሲንደር ትባላለች። ሥራዋ ሜካኒክነት ነው። ዘመኑ ገና ወደፊት የሚመጣ፣ ከተማዋም «ኒው ቤጂንግ» የምትባል ናት። ሲንደር ገበያ መሃል ሱቅ ይዛ የተበላሸ ሮቦት ትጠግናለች። አንድ እጇና አንድ እግሯ ብረት ነው፤ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ማሽን ናት። በአገሩ ሕግ የእንጀራ እናቷ ንብረት ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ግሪስ ለግሪስ ስትንከባለል ውላ የምታገኘውን ገንዘብ የምትረከባት እንጀራ እናቷ ናት። ልዑሉን የምታየውም በጭፈራ ምሽት አይደለም። ልዑሉ ራሱ የተበላሸ ሮቦቱን ይዞ ሱቋ ድረስ ይመጣል።

የጭፈራው ቀንስ? ወደ ቤተ መንግሥት የምትሄደው ባል ፍለጋ ሳይሆን ልዑሉ ሊገደል እንደታሰበ ልትነግረው ነው። ዱባ የለ፣ ሠረገላ የለ! ከቆሻሻ መጣያ ያገኘቻትን ብርቱካንማ አሮጌ መኪና ጠግና እሷን እያንገጫገጨች ትሄዳለች። አዲሱን እግሯን እንጀራ እናቷ ስለነጠቀቻት የገጠመችው የድሮውን ጠባብ እግር ነው። ታዲያ ስትሸሽ ደረጃው ላይ ወልቆ የሚቀረው ጫማዋ እንዳይመስላችሁ። እግሯ ነው!

ይህን የጻፈችው አሜሪካዊቷ ማሪሳ ሜየር ናት። በዋሽንግተን ግዛት የታኮማ ከተማ ልጅ ነች። «ሲንደር» የተባለው የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ነው። በ2013 ባለ ቀይ ቆቧን ልጅ የጭነት መንኮራኩር አብራሪ አድርጋ መጣች። በ2014 ራፑንዜልን ከግንቡ አውጥታ በጠፈር ላይ በምትዞር ሳተላይት ውስጥ ከኮምፒዩተር ጋር ቆለፈችባት። በ2015 ስኖው ኋይትን የጨረቃ ልዕልት አደረገቻት። አራቱ መጻሕፍት ተያይዘው አንድ ረጅም ታሪክ ይሆናሉ።

ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ይሄ ስርቆት አይደለም እንዴ? የሰው ተረት ወስዶ ሮቦት መጨመር ደራሲ ያሰኛል?» ማለታችሁ አይቀርም። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ወጣት ጸሐፊዎችን ብዕራቸውን የሚያስጥላቸውም ይኸው ፍርሃት ነው። «ሐሳቡ የኔ አይደለም» ይሉና ደብተራቸውን ፍራሽ ሥር ይደብቁታል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ለመሆኑ ተረቱ የማን ነው?

ሲንደሬላ የዋልት ዲዝኒ ልጅ የምትመስላቸው ሰዎች አሉ። የዲዝኒ ፊልም የወጣው በ1950 ነው። ዲዝኒ የተከተለው ደግሞ ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ያሳተመውን ነው። የመስተዋቱ ጫማና ዱባው የፔሮ ናቸው። ከፔሮ በፊት በ1634 በጣሊያን የጃምባቲስታ ባሲሌ መጽሐፍ ውስጥ ታትማለች። ጀርመኖቹ ወንድማማቾች ግሪም ደግሞ በ1812 የራሳቸውን አወጡ። የእነሱ አይጣል ነው! እህትማማቾቹ ጫማው አልገባ ሲላቸው አንዷ የእግር ጣቷን፣ ሌላዋ ተረከዟን ትቆርጣለች። ፔሮ ግን ጨዋ ሰው ስለነበር ሲንደሬላ እህቶቿን ይቅር ብላ ጌቶች እንድትድርላቸው አድርጓል።

ይህ ሁሉ ሳይሆን፣ ከዛሬ ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ዱዋን ቼንግሺ የተባለ ቻይናዊ የጻፈው ታሪክ አለ። ልጅቷ ዬ ሺየን ትባላለች። ጠንቋይ አክስት የላትም። ያላት አንድ ዓሣ ነው። እንጀራ እናቷ ዓሣውን አርዳ ትበላባታለች። ልጅቷ ግን አጥንቱን ደብቃ ታስቀምጥና የምትመኘውን ሁሉ ከአጥንቱ ታገኛለች። የምትጥለው ጫማም የወርቅ ነው። ማሪሳ ሜየር ሲንደርን ኒው ቤጂንግ ያስቀመጠቻት በዘፈቀደ አይደለም ማለት ነው። ልጅቷን ወደ ድሮ አገሯ መለሰቻት።

በ1893 ማሪያን ኮክስ የተባለች እንግሊዛዊት ይህንኑ ተረትና ዘመዶቹን ከየአገሩ ለቅማ ብትቆጥር 345 ዓይነት አግኝታለች። 345! ታዲያ ዋናው የቱ ነው? ዋና የሚባል የለም። የተናገረው ሁሉ የራሱን ጨምሮበት ለቀጣዩ ያቀብለዋል። የኛም አያቶች ሲተርቱ እንዲሁ ነበሩ። ጅብና አህያ አንድ ናቸው፣ የአያት ግን አንደበቱ ይለያያል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን «ይሄን እኮ እናቴ ነግራኛለች፣ አይሰረቅ!» ያለ ልጅ አልነበረም። ያንኑ ተረት እሳቸው ሲነግሩት ለመስማት ነበር የምንሰበሰበው።

ጠያቂዎች የማይሰለቻቸው ጥያቄ

አንድ ደራሲ አዲስ መጽሐፍ ሲያወጣ ሥራው መጻፍ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ከከተማ ከተማ እየዞረ መጽሐፉን ማስተዋወቅ፣ መፈረም፣ ለጋዜጠኛ መልስ መስጠት አለበት። የተረት ደራሲዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ በየደረሱበት ይከተላቸዋል፤ «ሐሳቡን ከየት አመጣሽው?»

የማሪሳ ሜየር መልስ ልብ ይነካል። ለአንድ የአጭር ልቦለድ ውድድር «ባለ ቦት ጫማው ድመት» የተባለውን ተረት ወደፊት በሚመጣ ዘመን አድርጋ ጻፈች። ውድድሩ ላይ የቀረቡት ሁለት ጽሑፎች ብቻ ነበሩ። አሸነፈች? ኧረ ምኑን! ከሁለት ተወዳዳሪ ተሸነፈች። ነገር ግን ጨዋታው ስለጣማት ሌሎች ተረቶችንም እንዲህ ባደርጋቸውስ እያለች ስታሰላስል፣ አንድ ምሽት እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ግማሽ ማሽን የሆነችው ሲንደሬላ ድቅን አለችባት።

ከዚያ በፊትስ? ከ14 ዓመቷ ጀምሮ ስትጽፍ የኖረችው «ሴይለር ሙን» በተባለው የጃፓን የካርቱን ታሪክ ገጸ ባሕርያት ነው። በብዕር ስም 40 ያህል ታሪኮች ጽፋለች። ያውም አንድ ሳንቲም ሳይከፈላት! ገጸ ባሕርያቱ የሌላ ሰው ስለሆኑ መሸጥ አትችልም። ታዲያ ምን ጠቀማት? እጇን አፍታታችበት። አንባቢ የት ላይ እንደሚስቅ፣ የት ላይ ገጹን ሳይገልጥ እንደማያድር የተማረችው እዚያ ነው። በሰው ሜዳ ተለማምዳ፣ ስትሸጥ ግን ባለቤት የሌለውን፣ የሁሉም የሆነውን የድሮ ተረት ይዛ ወጣች። ብልህ ማለት እንዲህ ነው።

በኖቬምበር 2008 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ «በአንድ ወር 50 ሺህ ቃል ጻፍ» የሚባል ዘመቻ ላይ ገባች። (ዘመቻውን ያዘጋጅ የነበረው ድርጅት በ2025 ተዘግቷል።) እሷ 50 ሺህ አልበቃ ብሏት የሦስት መጻሕፍት ረቂቅ በአንድ ወር ጻፈች። 150 ሺህ ቃል ገደማ ነው! ረቂቅ ግን ረቂቅ ነው። ከረቂቁ እስከ ታተመው መጽሐፍ ሦስት ዓመት ከምናምን ፈጅቷል። ቃለ ምልልስ የሚያነብ ወጣት «በአንድ ወር ሦስት መጽሐፍ» የሚለውን ይሰማና በዚያው ይሰክራል። ያንን ሦስት ዓመትና ከዚያ በፊት የነበረውን አሥር ዓመት ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ማስተዋወቁም ጥበብ አለው። መጽሐፉ ከመውጣቱ ከአንድ ወር በፊት፣ በዲሴምበር 2011፣ የሲንደርን ልጅነት የሚናገር አጭር ታሪክ ለአንባቢ በነፃ ቀረበ። ሽፋኑስ? ቀይ ባለ ተረከዝ ጫማ የተጫማ ቆንጆ እግር፣ ቆዳው ውስጥ ግን ብረት አጥንት ይታያል። አንድ ጊዜ ያየው ሰው «ሲንደሬላ ናት፣ ግን…» ይልና ያቺ «ግን» ገንዘብ ከኪሱ ታስወጣዋለች። የተረት ደራሲ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ግማሹን ታሪክ አንባቢው ከእናቱ ጉያ ይዞት መጥቷል። አደጋውም እዚያው ነው። ስም ለውጦ፣ ሮቦት ጨምሮ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ መጽሐፍ ሲደርሰው አንባቢ እንደተታለለ ወዲያው ይነቃል።

ልዑሉን ስለ መጠበቅ

አሁን ወደኛው ጉዳይ እንምጣ። እነዚህን ተረቶች እንደገና የሚጽፉ ሰዎች ሮቦት ስለወደዱ ብቻ አይደለም የሚጽፉት። ከድሮው ተረት ጋር የሚከራከሩበት ጉዳይ አላቸው።

እንግሊዛዊቷ አንጄላ ካርተር በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሚስቶቹን እየገደለ በክፍል የሚቆልፈውን የባለ ሰማያዊ ጺሙን ሰውዬ ተረት ወሰደች። በድሮው ተረት ልጅቷን ከሞት የሚያድኗት ወንድሞቿ ናቸው። በካርተር ግን እናቷ በፈረስ ጋልባ ደርሳ፣ ሽጉጥ መዝዛ ሰውዬውን ትጥለዋለች። አሜሪካዊቷ ጌይል ካርሰን ሌቪን ደግሞ በ1997 በጻፈችው መጽሐፍ «ሲንደሬላ ለምንድን ነው እንጀራ እናቷን እምቢ የማትለው?» ብላ ጠየቀች። መልሷ የሚገርም ነው። የሷ ሲንደሬላ ስትወለድ እርግማን ተጥሎባታል። እርግማኑ ምን መሰላችሁ? ታዛዥነት! የታዘዘችውን ሁሉ ማድረግ ግዴታዋ ነው። ከእርግማኑ የምትፈታውም ልዑሉ አግቢኝ ሲላት እንደምንም እምቢ ማለት ስትችል ነው።

እህቶቼ፣ ይቺን ቁጭ ብላችሁ አስቧት። ስንቶቻችን ነን «ጨዋ ልጅ» ለመባል ብለን የማንፈልገውን እሺ የምንለው? ስንቷ ናት ጫማው አልገባ ሲላት፣ እንደ ግሪሞቹ እህትማማቾች፣ የገዛ እግሯን የምትቆርጠው? እሱ ሳቂ አትወድም ስላላት ሳቋን የተወች፣ ትምህርቷን ያቋረጠች፣ ጓደኞቿን የራቀች… ይህ ሁሉ ተረከዝ መቁረጥ ነው። ደሙ ደግሞ ውሎ አድሮ ከጫማው ውስጥ መፍሰሱ አይቀርም።

ወንድሞቼስ? እናንተንም ይመለከታል። ልዑል መሆን አድካሚ ነው። ሁልጊዜ አዳኝ፣ ሁልጊዜ ከፋይ፣ ሁልጊዜ ባለ ሠረገላ! የሲንደር ልዑል ግን የተበላሸበትን ነገር ይዞ ከምትችለው ልጅ ዘንድ ይሄዳል። ችግሩን ለመናገር አላፈረም። ከዚህ የሚጀምር ፍቅር ጫማ በመለካት ከሚጀምረው የተሻለ ነው ባይ ነን።

መጻፍ ለምታስቡ

ከማሪሳ ሜየርና ከመሰሎቿ የምንቀስመው ይኸው ነው፤

1. ልምምድ አይናቅ። የሌላውን ገጸ ባሕርይ ወስዶ መለማመድ ነውር አይደለም። ለሽያጭ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው።

2. ሕጉን እወቁ። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በአሜሪካና በአውሮፓ ባመዛኙ 70 ዓመት ነው። ፔሮና ግሪሞች ከዚህ ካለፉ ቆይተዋል። የዲዝኒን አይጦች ግን አትንኩ፤ እነሱ ባለቤት አላቸው።

3. «ግን» ይኑራችሁ። ተረቱን ለመድገም ብቻ አትጻፉ። ተረቱ ውስጥ የሚያናድዳችሁ ነገር ምንድን ነው? እዚያ ላይ ጀምሩ።

4. ሩቅ አትሂዱ። ብሪታንያዊቷ ኤሊዛቤት ሌርድ ከየክፍለ ሀገሩ የሰበሰበቻቸውን የኢትዮጵያ ተረቶች በ2000 በመጽሐፍ አሳትማለች። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ለቅሞ ካገኘ፣ አያቱ ጎን ተኝቶ ያደገ ሰው እንዴት ያጣል?

5. ቃለ ምልልስ ስታነቡ ዓመቱን ቁጠሩ። መቼ ጀመረ? መቼ ታተመ? በመካከል ያለው ጊዜ ነው ዋናው ትምህርት። ማሪሳ ሜየር ራሷ ከ2020 ጀምሮ ሌሎች ደራስያንን በድምፅ ዝግጅት ስትጠይቅ ቆይታለች። ስትጠየቅ የነበረችው ጠያቂ ሆነች ማለት ነው።

ተረት በደግ ጊዜ የሚወራ የልጅ ነገር ነው የሚሉ ይኖራሉ። ግን ልብ በሉ፤ በልጅነታችን የሰማነው ተረት ነው ማንን እንደምንጠብቅ፣ ማንን እንደምንፈራ፣ ምን ሲሉን ዝም እንደምንል ያስተማረን። እንደገና ቢነገር፣ በናንተ አፍ ቢነገር ምን ክፋት አለው?

ደብተሩን ከፍራሹ ሥር አውጡት። ቸር እንሰንብት!