ጣሪያን የሚያዝል ነፋስ

ያለ መሐል ምሰሶ 30 እና 40 ሜትር የሚሻገር የብረት ጣሪያ ለነፋስ የሚጋለጠው ቀላል በመሆኑ ነው። ቆርቆሮው፣ እሱን የሚሸከመው ላቲስ ፐርሊንና ማሰሪያው ተደምረው በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ነው። ይህ ለክሬንም ለበጀትም ይመቻል፤ ነፋስ ሲያነሳው ግን ወደ ታች የሚጎትተው ነገር እምብዛም የለውም።

ደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ ጣሪያ የበዛባት ከተማ ሆናለች። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የግል ፋብሪካዎቹና መጋዘኖቹ በተንጣለለው ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ቆመዋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ነፋሱም አቅም የለውም የሚል ወሬ በግንባታ ቦታ ይሰማል። ወሬው ግማሽ እውነት አለው። የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ የነፋስ ግፊት ግን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ነፋሱ 16 በመቶ ብቻ ቢፈጥን ያ ሁሉ ቅናሽ ተሟጦ ያልቃል።

አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ አንኮበር ላይ፣ ነገሩ ይብሳል። መሬቱ እዚያ ተቆርጦ ወደ አልዩ አምባና ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በበጋ ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ቁልቁለቱን ሽቅብ ሲወጣ ተጨናንቆ ጠርዙ ላይ ይፈጥናል። ፍጥነቱ በ40 በመቶ ከጨመረ ግፊቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ለሜዳው የተሠራ ንድፍ ሳይነካ ለጠርዙ ሲውል ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ዲዛይን ኮድ መነሻ የነፋስ ፍጥነቱን በሴኮንድ 22 ሜትር፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የአየር ጥግግት ደግሞ በኪዩቢክ ሜትር 0.94 ኪሎ ግራም አድርጎ ይሰጥ ነበር። ከዚህ የሚገኘው መነሻ ግፊት በካሬ ሜትር 23 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ፣ በ10 ሜትር ቁመት፣ ሽውታው ሲታሰብ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። በጣሪያው ማዕዘን ላይ ያለው ሽቅብ የመሳብ ምጣኔ ሲባዛበት 95 ኪሎ ግራም አካባቢ ይደርሳል። ቆርቆሮውና ፐርሊኑ 15 ኪሎ መዝነው ሳለ ማዕዘኑን 95 ኪሎ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ልዩነቱን የሚሸከመው ስክሩው ብቻ ነው። የመጋዘኑ ትልቅ በር ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ተከፍቶ ካደረ ደግሞ ከውስጥ የሚገፋው ይታከልበታል።

ይህ ሁሉ ነፋሱ አንድ ጊዜ ሲስብ የሚሆነውን የሚናገር ስሌት ነው። ነፋስ ግን ይመላለሳል። አንድ ተሸካሚ በተፈጥሮው በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ለመገመት በራሱ ክብደት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚረግብ ማወቅ ይበቃል፤ 18 ለዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት ይካፈላል። 36 ሚሊ ሜትር የረገበ ትራስ (ፐርሊኖቹን የሚሸከመው ዋናው የብረት ማዕቀፍ) 3 ጊዜ፣ 4 ሚሊ ሜትር የረገበ ፐርሊን 9 ጊዜ ይርገበገባል። አብዛኛው የነፋስ ጉልበት የሚመላለሰው በሴኮንድ ከአንድ ጊዜ ባነሰ ፍጥነት ስለሆነ በዚህ ስፋት ዋናው ትራስ ከነፋሱ ጋር እኩል መወዛወዝ የሚጀምርበት አጋጣሚ ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በነፋስ ተወዛውዞ የፈረሰው የታኮማ ድልድይ ለምህንድስና ተማሪ ሁሉ ይነገራል፤ ለመጋዘን ጣሪያ ግን ያ ምሳሌ ከሚያስተምረው የሚያሳስተው ይበዛል።

ቀጫጭኖቹ ብረቶች ግን ሌላ ናቸው። ነፋስ በክብ ዘንግ ሲያልፍ ከኋላው ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ይሽከረከራል። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማጠንከሪያ ዘንግ በሴኮንድ 8 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ በሴኮንድ 80 ጊዜ ያህል ይገፋል፤ ቆርቆሮ ያልለበሰ ሼድ ሌሊት የሚያንጎራጉረው ለዚህ ነው። ዘንጉ በደንብ ከተወጠረ ድምፁ ይቀንሳል።

ለቆርቆሮ ጣሪያ ትክክለኛው ምሳሌ የአውስትራሊያዋ ዳርዊን ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 ትሬሲ የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ሲያወድም ብዙ ቆርቆሮ የተነቀለው በአንድ ኃይለኛ ምት አልነበረም። በማሰሪያው ዙሪያ እየታጠፈና እየተቃና ሰዓታት የቆየው ብረት ዝሎ ተሰነጠቀና በስክሩው ራስ ሾልኮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ቆርቆሮ የሚፈተነው በተመላላሽ ጭነት ሆኗል።

ደብረ ብርሃን አውሎ ነፋስ አያውቃትም፤ የምታውቀው ውርጭ ነው። ሌሊት በረዶ የነካው ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ሲግል የሙቀቱ ልዩነት 40 ዲግሪ ቢደርስ 60 ሜትር ርዝመት ያለው ጣሪያ 29 ሚሊ ሜትር ያህል ይሳባል። በየቀኑ እንዲህ የሚሳብና የሚሰበሰብ ቆርቆሮ የስክሩውን ቀዳዳ ሞላላ ያደርገዋል፤ የከፍታው ፀሐይም የዋሸሩን ጎማ ያደርቀዋል። ነፋሱ ሲመጣ ልል ሆኖ የቆየውን ያገኛል። የአንኮበር የሣር ክዳን ይህ ችግር የለበትም። ከባድ ነው፣ ሣሩም እርስ በርሱ እየተፋተገ ንዝረቱን ይውጠዋል። በብየዳ የተያያዘ ብረት ግን የመዋጥ አቅሙ ከአንድ በመቶ በታች ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የትራሱ የታችኛው ብረት ነው። ዘወትር በመሳብ ላይ ስለሚኖር ቀጭን ይደረጋል። ጣሪያው ወደ ላይ ሲነሳ ግን መታመቅ ይጀምራል፤ በጎን የሚይዘው ከሌለ ይጎብጣል። ከፐርሊኑ ወደ ታች የሚወርድ ሰያፍ ብረት በየጥቂት ሜትሩ መበየድ ርካሽ መድኃኒት ነው። በማዕዘንና በጠርዝ ላይ ፐርሊን ማቀራረብ፣ ስክሩንም በየሁለተኛው ሳይሆን በየአንዳንዱ የቆርቆሮ ጀርባ ላይ መምታት እንዲሁ ብዙ ወጪ አያስወጣም።

ፍተሻው የሚጀመረው ከማዕዘኖቹና ከጣሪያው አናት ነው። ከስክሩው ዙሪያ እንደ ኮከብ የተበተነ ስንጥቅ ከታየ ማጥበቅ አይበቃም፤ ቆርቆሮው ይቀየራል። ቀዳዳው ሞላላ ብቻ ከሆነ በሰፊ ዋሸርና በአዲስ ጎማ ይያዛል፤ አዲስ ስክሩ ካስፈለገም ከአሮጌው ቀዳዳ ርቆ ያልተነካ ብረት ላይ ይመታል።