እማማን ይዞ መርከብ ላይ መውጣት፦ እውነት ወይስ ተረት?

ክረምት ሊገባ ሲል ልደታ ኮንዶሚኒየም ካሉት ቤቶች ባንዱ ከሜሪላንድ ስልክ ይደወላል። «እማዬ፣ ዘንድሮ ሁላችንም አብረን በመርከብ!» ልጆቹ የአሜሪካ ፓስፖርት አላቸው። የልጅ ልጆቹ የውሃ ሸርተቴ ያለበትን መርከብ መርጠው ጨርሰዋል። እማማ ያላቸው የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የደም ግፊት ኪኒንና የሚያስቸግር ጉልበት ነው። ስለ እንዲህ ያለው ሽርሽር ቡና ላይ ከሚወራው ከፊሉ ልክ ነው፤ ከፊሉ ኪስ ያራቁታል።

ተረት፦ «መርከብ ላይ ላለ ሰው ቪዛ አያስፈልገውም፤ ወደብ ላይ የሚወርደው ለጥቂት ሰዓት ነው።»

እውነቱ፦ ያስፈልገዋል። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ገና ሳይሳፈር ይመለሳል፤ የከፈለውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ደግሞ ነገሩ በቅርቡ ጠብቋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ እንደ ወትሮው እንዳይሰጣቸው፣ የማመልከቻው መልስም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም ተደርጓል። ስለዚህ ከመርከቡ ይልቅ መንገዱን መምረጥ ይቀድማል። ከባርሴሎና ተነስቶ ማርሴይን፣ ጄኖቫንና ኔፕልስን አዳርሶ የሚመለስ መርከብ ከሸንገን አይወጣም፤ አንዴ መግባት ይበቃል። ያው መርከብ ቱኒዝን ወይም የቱርክን ኩሻዳሲ መሐል ላይ ካስገባ ግን ወጥቶ መመለስ ይመጣል፤ እማማ ደግሞ ሁለተኛ መግቢያ የላቸውም።

በአሜሪካ በኩልም ያው ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ሐበሻ ባልቲሞር ደጁ ላይ ያለ ወደብ ስለሆነ፣ ከዚያ ወደ ባሃማስ የሚሄዱት መርከቦች መጀመሪያ ዓይን ውስጥ ይገባሉ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ ባብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ለ3 ወር የሚያገለግል እንዲሆን አድርጓል። እማማ ያቺን አንድ መግቢያ ኤርፖርት ላይ ተጠቅመውባታል። ከባሃማስ ሲመለሱ በምን ይገባሉ?

«እንግዲያው ከአሜሪካ የማይወጣ መርከብ እንፈልግ» የሚል ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 ከወጣ ሕግ ጋር ይላተማል። ሕጉ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ መንገደኛን በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ ባሃማስንና ፓናማን በመሳሰሉ አገሮች የተመዘገቡ ናቸው፤ ለዚህ ነው አላስካ የሚሄዱት ሳይቀሩ ካናዳን የሚረግጡት። ከትልልቆቹ መካከል የአሜሪካ ባንዲራ የምታውለበልበው «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» ናት። ከሆኖሉሉ ተነስታ በ7 ቀን የሃዋይን ደሴቶች ዞራ ትመለሳለች፤ ሌላ አገር አትነካም። ከሜሪላንድ ሃዋይ ሩቅ ነው፣ የአውሮፕላኑም ዋጋ ቀላል አይደለም። እንደ እኔ ግን እማማን አስቀርቶ ባሃማስ ከመሄድ ይሻላል።

ተረት፦ «ቢጫ ካርድ አሥር ዓመት ካለፈው አይሠራም።»

እውነቱ፦ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ አንድ የቢጫ ወባ ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። አሮጌውን ካርድ እንዳትጥሉት። ኢትዮጵያ የበሽታው ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትመደብ እንደ ጃማይካ ያሉ ደሴቶች በቅርቡ ከአዲስ አበባ የተነሳን ሰው ይጠይቁታል። ከዚህ በፊት ጨርሶ ያልተከተቡና 60 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ግን ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ስለሚል፣ ከመከተባቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ተረት፦ «ለትልቅ ሰው ትንሽ መርከብ ይሻላል፤ ግዙፉ ያናውጣል።»

ባብዛኛው ተቃራኒው ነው። መርከብ በገዘፈ ቁጥር ማዕበል የሚያወዛውዘው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» 20 ፎቅ አላት፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ደረጃ ሲወጡ ለኖሩ እናት ሊፍቷ ብቻውን ሽርሽር ነው። የግዙፍ መርከብ ችግሩ ሌላ ነው፦ ኮሪደሩ አያልቅም። መኝታ ቤቱን ዝቅ ካሉት ፎቆች፣ ከመርከቡ መሐልና ከሊፍት አጠገብ ምረጡ፤ እዚያ መናወጡም ይቀንሳል። አንድ ነገር ደግሞ ሳትጠይቁ አትክፈሉ፦ መርከቡ ወደብ ይጠጋል ወይስ ባሕሩ ላይ መልሕቅ ጥሎ በትንሽ ጀልባ ያወርዳል? ሳንቶሪኒና የሃዋይዋ ኮና በጀልባ ከሚወረድባቸው ቦታዎች ናቸው። የምትወዛወዝ ጀልባ ላይ መሸጋገር ለታመመ ጉልበት ፈተና ነው፤ ባሕሩ ከተነሳ ደግሞ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ሊከለከል ይችላል።

ተረት፦ «ጾመኛ መርከብ ላይ ይራባል።»

ግማሽ እውነት። የአሜሪካ ተማሪዎች ዕረፍት ፍልሰታን፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን ጊዜ፣ ይዞ ነው የሚመጣው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበት ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ግን ቦታ ሲያዝ አስቀድሞ ይነገራቸው። ሳይናገሩ ገብተው ዳቦው ላይ ቅቤ ተቀብቶ ሲመጣ አስተናጋጁን መውቀስ አይቻልም።

ተረት፦ «ሐኪም አለ፣ ሁሉም ተከፍሎበታል።»

ሐኪሙ አለ፤ ሂሳቡ ግን ለብቻው ይመጣል። ኢንሹራንስ ይገባ። ሻንጣ ወደብ ላይ ተሰጥቶ መኝታ ቤት የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ፣ የእማማ ኪኒን በእጅ ቦርሳ ይያዝ።

ተረት፦ «ይህ ሁሉ ከሚሆን ጣና እንሂድ፤ እዚያ ሁሉም አብሮ ይወርዳል።»

ለጣና እኔም አደላለሁ። ግን ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ሳይጠይቁ የሄዱ እንደሆነ የሽርሽሩ ባለቤት እማማ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ወንዶቹን ይጠብቃሉ። ለሁሉም ክፍት ከሆኑት ውስጥ በደቅ ደሴት ያለችው፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ከባሕር ዳር ራቅ ትላለች። ዘጌ ላይ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትቀርባለች፤ ከጀልባው ወርዶ በቡናው ጫካ መሐል ዳገቱን መውጣት ግን አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጉዞው በጠዋት ይሁን። የነፍስ አድን ጃኬት ለሕፃናቱም በልካቸው መኖሩ ሳይታይ ጀልባዋ አትነሳ። የክልሉን የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ትኬት ከመቁረጥ በፊት እዚያው ባሕር ዳር ካለ ሰው መጠየቅ ነው።