እንዴት ይሠራል? ያልተለካው ባሕር ካርታ

በይፋት ቆላ ማሽላና ማሾ የሚዘራ ገበሬ በሬዲዮ «ዘንድሮ ኤልኒኞ አለ» ሲባል የሚሰማው ስለ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ነው። በ2007 ዓ.ም. ያ ውቅያኖስ ሲሞቅ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ክፉኛ ጎድሎ ነበር። ለመሆኑ ያን ሁሉ ውኃ ማን ለካው?

ሙሉውን የለካ የለም። አርጎ የሚባሉ 4 ሺህ ገደማ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በየ10 ቀኑ እስከ 2 ሺህ ሜትር ጠልቀው ሲወጡ ሙቀትና ጨዋማነት ይለካሉ። በአንዱና በሌላው መካከል ግን በአማካይ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። ክፍተቱን የሚሞላው ስሌት ነው።

ስሌቱን በደሴ መንገድ ላይ እንሞክረው። የጀውሃን የዛሬ ሙቀት ፈለግን፤ በእጃችን ያለው የደብረ ሲና፣ የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ልኬት ብቻ ነው እንበል። ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈል ያሳስታል፤ ደብረ ሲና ደጋ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱ ከራሱ የወሩ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ይታያል፦ ሸዋ ሮቢት በ2፣ አጣዬ በ3፣ ደብረ ሲና በ1 ዲግሪ በልጠዋል እንበል።

ቀጥሎ ክብደት ይሰጣል። በቅርበቱና በከፍታው ከጀውሃ ጋር አብሮ ይሞቃል፣ አብሮ ይበርዳል ተብሎ የሚገመት ቦታ የበለጠ ይሰማል፦ ሸዋ ሮቢት 0.5፣ አጣዬ 0.3፣ ደብረ ሲና 0.1። ብልጫውን በክብደቱ አባዝተን ስንደምር 1 ሲደመር 0.9 ሲደመር 0.1፣ ማለትም 2 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ከከፍታው በሚገመተው የጀውሃ አማካይ ላይ ይጨመራል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለት መለኪያ ጎን ለጎን ቢቆሙ ክብደቱን ይካፈላሉ፤ ከአንድ ሰው የሰሙ ሁለት ሰዎች ሁለት ምስክር አይሆኑም።

ይህን ዘዴ ሌቭ ጋንዲን እ.ኤ.አ. በ1963 ለአየር ጠባይ፣ ፍራንሲስ ብሬዘርተንና ባልደረቦቹ በ1976 ለውቅያኖስ አብራርተው ጽፈውታል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ስሌቱ ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አብሮ ይናገራል። ይህን የሚያውቀው ከመለኪያዎቹ አቀማመጥ ስለሆነ፣ ቀጣዩ መለኪያ የት ቢተከል እንደሚበጅ አስቀድሞ ያመለክታል።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የጣቢያ ልኬትን ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕዶ የዝናብ ካርታ ይሠራል። ዝናብ ደግሞ ከሙቀት ይልቅ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል፤ ሩቅ ያለ መለኪያ ብዙ አይረዳም። በይፋት ቆላ አንድ መለኪያ ሲጨመር በዙሪያው የካርታው ስሕተት ይቀንሳል። ዘሩን መቼ እንደሚበትን ለሚወስን ገበሬ ይህ ሊደረግለት የሚገባ ነገር ነው።